በር የሌለው ሱቅ

ሰው በራሱ ላይ ግፍ ሊሠራ ይችላልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል፣ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፉ 5ኛ ክፍል ላይ አንሥቶታል። መልሱም በአጭሩ «አይችልም» የሚል ነው። ፍትሕም ግፍም የሚኖሩት በሰውና በሰው መካከል ስለሆነ፣ ወዶና ፈቅዶ በራሱ ላይ ያመጣውን ነገር ማንም ሰው «ተበደልሁ» ሊልበት አይችልም ማለቱ ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስም ከብዙ ዘመን በኋላ በዚሁ መንገድ ሄዷል።

እኔ ግን ከዚህ ጥያቄ ጋር የተገናኘሁት በመጽሐፍ አይደለም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተኝቶ፣ በአንድ እጄ ስልክ በሌላው እጄ የማተሚያውን እጀታ ይዤ ሳለሁ ነው። በዚያ ሰዓት ማንም አላስገደደኝም፤ አለቃ የለብኝም፤ የፈረምሁትም ውል የለም። ፈላስፋው እንዳለው ከሆነ እንግዲህ በዚያ ሌሊት የተበደለ ሰው አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ያስረዳችኝ የ9 ዓመት ልጄ ናት፤ ወደ እርስዋ ኋላ እመለሳለሁ።

ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። እኔም ለብዙ ዓመታት በማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ። የቤት ኪራዩና የሁለት ልጆች የትምህርት ክፍያ ከሁለታችን ደመወዝ በላይ እየሆነ በሄደ ጊዜ፣ ሌላ ሰው የተገለገለበትን አንድ በሙቀት የሚያትም መጫኛ፣ በሙያው ሰዎች አነጋገር «ሂት ፕሬስ»፣ ገዝተን በሳሎናችን ጥግ አስቀመጥነው። ምንም ያልታተመባቸውን ካናቴራዎች ከመርካቶ በደርዘን እንገዛለን፤ ሥዕልና ጽሑፍ አትመንባቸው በቴሌግራም እንሸጣለን። ሱቃችን ይህ ነው። ሰሌዳ የለውም፤ ደጃፍም የለውም።

ካናቴራ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በዚያ አገር ከሸሚዝ ሥር የሚለበሰውን የውስጥ ልብስ የሚያመለክት ነው። በእኛ ዘንድ ስሙ ሲቀር ግብሩ ተለወጠ፤ ተሸሽጎ ይለበስ የነበረው የአደባባይ ልብስ ሆነ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ በካናቴራ ጎርፍ ስትጥለቀለቅ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ዛሬ ተመራቂው የክፍል ጓደኞቹን ስም፣ ሚዜው ስለ ሙሽራው የተቀለደውን ቀልድ፣ የማኅበር አባላት የጉዞአቸውን መታሰቢያ፣ ሐዘንተኛውም የሟቹን ፎቶግራፍ በደረቱ ይዞ ይወጣል።

ማተሙ ራሱ ጊዜ አይወስድም። በልዩ ፕላስቲክ ላይ የተዘጋጀው ሥዕል በካናቴራው ላይ ይነጠፋል፤ መጫኛው ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ለ15 ሰከንድ ያህል ይጫነዋል፤ በቃ። አንድ «አባታችን ሆይ» እንኳ በዝግታ አያስደግምም። ቀኑን የሚበላው ንግግሩ ነው። «ዋጋው ስንት ነው?» «ኤክስ ኤል አለ?» «ሲታጠብ ቀለሙ አይለቅም?» «ፊደሉን ትንሽ አተለቅ አድርጉት።» «የለም፣ የቀድሞው ይሻላል።» ጠይቆ ሳይገዛ የሚቀረው ከሚገዛው ይበዛል። ገዢው የትኛው እንደሆነ ግን አስቀድሞ አይታወቅምና ለሁሉም እኩል መመለስ ግድ ይሆናል። ዘግይቶ የመለሰ ነጋዴ ደንበኛውን ያጣል።

በመንገድ ዳር ያለ ሱቅ በር አለው። ባለሱቁ ማታ ቁልፉን ሲያዞር ደንበኛው «ተዘግቷል» ብሎ ይመለሳል፤ አይቀየምምም። የእኛ ሱቅ ግን የሚዘጋ ነገር የለውም። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ በኋላ ገንዘብ ለመክፈል የባንክ መከፈት አይጠበቅም። ሐዋሳ ያለው ደንበኛና ዋሽንግተን ያለው ደንበኛ እኩል ቅርብ ናቸው፤ የዋሽንግተኑ ከሥራ ተመልሶ ስልኩን ሲያነሣ በእኛ ዘንድ ሌሊት ነው። መብራት ቀኑን ጠፍቶ የዋለ እንደሆነም ሥራው ሁሉ ወደ ሌሊት ይገፋል፤ በከሰል የሚሠራ ሂት ፕሬስ ገና አልተፈጠረም።

የአገራችን ሕግ ይህን አደጋ ለተቀጣሪ ሰው አስቦለታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛውም በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ይደነግጋል። ራሱን የቀጠረ ሰውስ? እርሱ አሠሪም ሠራተኛም ነው። ሠራተኛው «ደከመኝ» ሲል አሠሪው «ለልጆችህ ስትል» ይለዋል፤ ይህን ቃል የሚመክት ሠራተኛ የለም። በልጆቻችን ስም የሚያዝዘን አለቃ ከአለቆች ሁሉ የከፋ ነው፤ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለምና።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ። አንድ ማታ የምርቃት ካናቴራ ለማድረስ ተጣድፌ ሳለሁ፣ ስሙን ሳይጽፍ የጽጌረዳ ሥዕል ብቻ ከለጠፈ ሰው መልእክት ደረሰኝ። «ጤና ይስጥልኝ፣ የሒሳብ የቤት ሥራ ታሳያላችሁ?» ይላል። እኔም እንደ ልማዴ ፈጥኜ፣ «ሰላም ውድ ደንበኛችን፣ ይህ የካናቴራ ሱቅ ነው። ስለ ጠየቁን እናመሰግናለን» ብዬ መለስሁ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ጥያቄ መጣ። «ስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ?» «አንዘጋም፤ 24 ሰዓት ክፍት ነን» አልሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፈም። እኔም ከማይገዙት አንዱ ነው ብዬ ረሳሁት።

በሳምንቱ የባለቤቴ እህት ልትጠይቀን መጥታ ስልኳን ስታሳየን ነገሩ ተገለጠ። በዚያ ማታ እርስዋ ዘንድ አድራ ለመሄድ የተዘጋጀችው ልጄ የአክስቷን ስልክ ተውሳ ኖሯል። መልእክቱን ስትልክ የተቀመጠችው ከመጋረጃው ማዶ፣ ከእኔ አራት እርምጃ በማይርቅ አልጋ ላይ ነበር። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት ምንም ቅሬታ በሌለው ድምፅ፣ «አባዬ፣ ለደንበኛ ቶሎ ትመልሳለህ» አለችኝ።

ልጄ ልትከስሰኝ አልፈለገችም፤ ያየችውን ነገረችኝ እንጂ። በዚያ ማታ ደብተሯን ይዛ ሦስት ጊዜ መጥታ፣ ሦስት ጊዜ «ቆዪ አንዴ» ብያት ነበር። በቤታችን ውስጥ መልስ የሚያገኘው የሚከፍል ሰው መሆኑን ተረድታ፣ ከሚከፍሉት ወገን ሆና መጣች። ባለቤቴ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

አርስቶትል በአንድ በኩል ልክ ነው። በራሴ ላይ ግፍ አልሠራሁም። የተሳሳትሁት በነገሩ ውስጥ ብቻዬን ያለሁ መስሎኝ ነው። የሸጥሁት ሰዓት ባለቤት ነበረው። ሰው ሲያገባና ሲወልድ ቃል ይገባል፤ ቃል ከገባ በኋላ ምሽቱ እንዳሻው የሚሸጠው የግል ንብረቱ አይሆንም። የጎረቤቱን በሬ ገበያ አውጥቶ የሸጠ ሰው «ገንዘቡን ለባለበሬው ጥቅም አውየዋለሁ» ቢል ዳኛ ይሰማዋልን? ባለቤቴስ ተማክራበታለች፤ አዋቂ ናትና መስማማትም መከልከልም ትችላለች። የ9 ዓመት ልጅ ግን ምን ብላ ትስማማለች? ስለ ምን እንደ ጠየቅናት እንኳ የምታውቀው ካደገች በኋላ ነው።

«ታዲያ የትምህርት ቤቱ ክፍያስ? እርሱም ለልጅቱ የሚገባት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። በእውነት ይገባታል። ይህን ያህል ጊዜ ሳስብ የቆየሁትም ዕዳው ሁለት በመሆኑ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ዕዳዎች አይመሳሰሉም። የትምህርት ቤቱ ዕዳ ቀን አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ ሲዘገይም ማስጠንቀቂያ ይመጣል። የምሽቱ ዕዳ ደረሰኝም ማስጠንቀቂያም የለውም። ደረሰኝ የሌለው ዕዳ ደግሞ ሁልጊዜ ለነገ ይተላለፋል፤ ቆይቶም ዕዳ መሆኑ ተረስቶ እንደ ስጦታ ይቈጠራል። እኔ ከልጄ ጋር ግማሽ ሰዓት ስቀመጥ ቸርነት ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር። «ጊዜው አጭር ቢሆንም ጥሩ ከሆነ ይበቃል» የሚሉም አሉ። ይህ ወላጆችን ለማጽናናት የተባለ ይመስለኛል፤ ልጅ የምትጠይቀው ጥያቄው በመጣባት ሰዓት እንጂ በቀጠሮ አይደለም።

ከዚህ የሚከብድ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ያነሡትም አባቴ ናቸው። «በቤት ውስጥ መሥራት መቼ አዲስ ሆነ? የአገራችን ሰው ሁሉ በቤቱ ሠርቶ ልጆቹን አላሳደገምን?» አሉኝ። እውነት ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ የወጣ ሰው ከጋሞ ደጋ የመጡትን ሸማኔዎች ያስታውሳል። ሸማኔው እግሮቹን በጉድጓዱ ውስጥ ባለው መርገጫ ላይ አሳርፎ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል፤ ሚስቱ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ልጁ ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥናል። ቤቱ ሱቅም ነው፣ መኝታም ነው፣ ማእድ ቤትም ነው። ታዲያ የእኔ ቤት ከዚያ በምን ይለያል?

ብዙ ካሰብሁ በኋላ ያገኘሁት ልዩነት ይህ ነው። የሸማኔው ዓይን ከድሩ ላይ ቢሆንም ጆሮውና አንደበቱ ነፃ ናቸው። እየሠራ ያወራል፣ ይቈጣል፣ ተረት ይናገራል። ልጁም አባቱ ምን እንደሚሠራ ያያል፤ ሸማው በእጅ ሲለካ ያድጋል፤ ሲሸጥም እንዲሁ ያያል። ስልክ ግን ዓይንንም፣ ጆሮንም፣ አንደበትንም፣ ሐሳብንም በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ልጄ ከእኔ ሥራ የምታየው የስልኩን ጀርባና የግንባሬን መኰማተር ነው። ደንበኛውን አታየውም፤ ልብሱ ለማን እንደሚሄድ አታውቅም። በቤት ውስጥ ሆኖ ከቤት መውጣት የሚባል ነገር ቢኖር ይህ ነው። የቀድሞው ዘመን ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ ግን አይደለም። በሸማኔው ቤት ፊደል ሳይቈጥሩ በጉድጓዱ አፍ የቀሩ ልጆች ነበሩ፤ ከደጋው አገራቸው ተወስደው በሰው ቤት እንዲሸምኑ የተደረጉም ነበሩ። እናም ለአባቴ የመለስሁላቸው፣ ጥፋቱ የሥራው በቤት መሆን ሳይሆን ሥራው ሰውየውን ጠቅልሎ መውሰዱ መሆኑን ነው። እርሳቸውም አልተስማሙም፤ «ስልኩን አስቀምጠው እንግዲያ» አሉኝ፤ እንደ ቀላል ነገር።

ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1891 ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ሲጽፉ፣ የሰንበትን ዕረፍት ሠራተኛው ራሱ ወዶ እንኳ በውል ሊተወው እንደማይችል አስተምረዋል፤ መብቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የእግዚአብሔር ነውና። ይህን ትምህርት በወጣትነቴ ስሰማ ስለ ክፉ አሠሪዎች የተነገረ ብቻ መስሎኝ ነበር። አሠሪውና ሠራተኛው አንድ ሰው በሚሆኑበት ቤት እንደሚበረታ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረጡት ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 14ኛ የስማቸውን ምክንያት ሲያስረዱ ይህንኑ መልእክት ማስታወሳቸውን ስሰማ፣ የእኛን በር የሌላቸው ሱቆች ሳያስቡ አልቀሩም ብዬ ለራሴ አሰብሁ።

ይሁን እንጂ ስልኩን ዘግቶ መተኛት ሁልጊዜ ጽድቅ አይደለም። አንድ ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ደወለች። ወንድሟ በድንገት አርፏል፤ ቀብሩ በማግሥቱ 6 ሰዓት ነው፤ ፎቶግራፉ ያለበት 40 ካናቴራ ትፈልጋለች። ልጄ ለመጀመሪያ ቁርባኗ የምታጠናውን ጥያቄና መልስ እንድሰማት ቃል የገባሁላት በዚያ ምሽት ነበር። የተላከልን ፎቶግራፍ ከሠርግ ሥዕል ላይ የተቈረጠ ነው፤ በሟቹ ትከሻ ላይ የሌላ ሰው እጅ ይታያል። ባለቤቴ እጁን ለማጥፋት አንድ ሰዓት ደከመች። እኔ አተምሁ። ልጄ ጥያቄና መልሷን ሳትደግም ተኛች።

በዚህ አልጸጸትም፤ ዛሬም ቢደገም እንዲሁ አደርጋለሁ። ነገር ግን ለዚያች ሴት ያደረግሁትን «ኤክስ ኤል አለ?» ላለኝ ሰው በየማታው ሳደርግ ከቆየሁ፣ ሐዘኗ ከእርሱ ጥያቄ በምን ተለየ? ሁሉን አስቸኳይ ያደረገ ሰው በእውነት አስቸኳይ የሆነውን የሚለይበት ዓይን አይኖረውም። ጠዋት ልጄ ስትነሣ አርባ ጊዜ የታተመ የአንድ ሰው ፊት በወንበሩ፣ በጠረጴዛው፣ በአልጋው ጫፍ ላይ ተዘርግቶ አገኘች። ቆማ አየችውና «ስሙ ማን ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አሥሩን አጣጥፋ በፌስታል አደረገች። ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ የመለስሁላት ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ያስተዋልሁት፣ ሞተረኛው ዕቃውን ይዞ ከሄደ በኋላ ነው።

ከባለቤቴ ጋር ተማክረን በር ለመሥራት ወሰንን። በሩ አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን የሱቁ ስልክ በቆርቆሮው ውስጥ ይገባል፤ እሑድ ቀኑን ሙሉ አይወጣም። በቴሌግራም ገጻችንም እንዲህ ብለን ጻፍን፦ «ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ እንዲሁም እሑድ አንመልስም። ለለቅሶ ከሆነ ግን በዚህ ቁጥር ይደውሉ።» ቁጥሩ የባለቤቴ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ሳደርግ በረከት ጐረፈልን ብዬ ልጽፍላችሁ አልችልም። በመጀመሪያው ወር ገቢያችን ቀነሰ። ሒሳቡን በደብተር የምትይዘው ባለቤቴ ስትደምረው የቀነሰው የአንድ ልጅ የወር ክፍያ ያህል ሆኖ አገኘችው። ደብተሩን ዘግታ ዝም አለች። ከበዓል ልብሳችን የምንቀንሰው ቀነስን፤ የቀረውን ተበደርን። ዕዳ ዕዳ ነው ብያለሁና ይህንም መደበቅ አይገባኝም። ከእኔ የባሰ ችግር ያለበት ወላጅ፣ ለምሳሌ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት፣ በዚህ ሒሳብ ሌላ መልስ ብታገኝ አልፈርድባትም። ለእርስዋ በሩን ልንይዝላት የሚገባን እኛ፣ ጎረቤቶቿና ደንበኞቿ ነን፤ ቢያንስ ከመሸ በኋላ «ለነገ ይደርሳል?» ብለን ባለመጻፍ።

ማስታወቂያው በወጣ በ3ኛው ሳምንት፣ አርብ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ አንድ ጎልማሳ «ለቅሶ ነው» ብሎ ደወለ። ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፤ እኔም መጫኛውን አሞቅሁ። የሟቹን ፎቶግራፍ እንዲልክልን ስንጠይቀው የላከልን የእግር ኳስ ቡድን ዓርማ ሆነ። ቡድኑ በማግሥቱ ጨዋታ ነበረበት፤ «ማሊያው ካልደረሰልን ለእኛ ለቅሶ ነው» አለ። ባለቤቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ መጫኛውን አጥፍቼ ተኛሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አተምንላቸው። ቅዳሜ ስለነበር ልጄ አጠገቤ ቆማ ቁጥሮቹን ከ1 ጀምራ በተራ ታቀብለኝ ነበር። እያወራን ሳለን 10 ቁጥርን ሁለት ጊዜ ሰጠችኝ፤ እኔም ሳላይ አተምሁት። ቡድኑ በሁለት 10 ቁጥር ተጫወተ።